ቧንቧውን ክፈት

ችሎት አስከባሪው በረንዳው ላይ ቆሞ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ሲጠራ፣ የስሙ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ግቢው መሀል ካለው ውሃ ዳር ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር። አልሰሙም። ደግሞ ጠራ። አሮጊቷ ልጣጩን በመሀረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና የመጀመሪያውን ፍልቃቂ ጎረሱ። በረንዳው ላይ የቆሙት ሰዎች በእጃቸው ወደ እሳቸው ሲጠቁሙ ያየችው አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረችው አርክቴክት ናት። ጎንበስ ብላ ክንዳቸውን ነካ አደረገቻቸው።

"እማማ፣ እርስዎን ነው መሰለኝ የሚጠራው።"

"ማነው የሚጠራኝ?"

"ያ በረንዳው ላይ ያለው ሰውዬ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ። "አፉን ሲከፍት ሲዘጋ አይቼው ነበር እኮ። የሚያዛጋ መስሎኝ፣ ምስኪን ሳይተኛ አድሮ ነው ብዬ አዘንኩለት" አሉና፣ ብርቱካኑን እንደያዙ፣ እንደ ዕድሜያቸው ሳይሆን እንደ ጉዳያቸው እየፈጠኑ ሄዱ።

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አርክቴክቷ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ውሃው የሷ ነበር።

የሷ ማለት የነደፈችው እሷ ናት ማለት ነው። ይህ የቤተሰብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሲሠራ ገና ወጣት ነበረች። ሁለቱ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ይቆሙና መሀላቸው ባዶ ሜዳ ይቀራል። ኮሚቴው ያንን ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አስቦ ነበር። እሷ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ረጅም ግድግዳ አቆመችበት። ከግድግዳው አናት ውሃ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጥልቀቱ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ገንዳ አለ፤ የገንዳው ጠርዝ ደግሞ ሰው እንዲቀመጥበት ሰፋ ተደርጎ ተጠርቧል። "እዚህ የሚመጣው ሰው ወይ ሊፋታ ነው፣ ወይ በልጅ ሊከራከር ነው፣ ወይ ከእህት ከወንድሙ ጋር ሊካሰስ ነው። ተራውን እስኪጠብቅ እንኳ ልቡ ይረፍ" ብላ ተከራከረች። አንዱ የኮሚቴ አባል "ውሃ ቆጣሪ እንዳለው ረሳሽው እንዴ እህቴ?" ብሎ አስቆባት ነበር። ውሃው እየዞረ ተመልሶ የሚወርድ መሆኑን፣ በሙቀት ጊዜ ግቢውን እንደሚያቀዘቅዝ፣ የመንገዱንም ጩኸት እንደሚሸፍን አስረድታ ረታቻቸው።

ሥራው ያለቀ ሰሞን አንድ እሑድ ብቻዋን መጥታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ግቢው ጭር ብሎ ነበር። ያን ቀን የተሰማትን ደስታ በሌላ ሥራዋ አግኝታው አታውቅም። እሑድ ስም የሚጠራ ሰው እንደሌለ ግን ትዝ አላላትም። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያ ጠሪ ከውሃው ጋር እየታገለ ጉሮሮው ተልጧል፤ እሷ ይህን ያወቀችው ገና ዛሬ ነው።

ዛሬም ቢሆን ሥራዋን ልትጎበኝ አልመጣችም። ከሳሽ ሆና ነው የመጣችው። ለሌላ ሰው ሐዘን ብላ ባዘጋጀችው መቀመጫ ላይ የራሷን ይዛ ተቀምጣለች። ተከሳሹ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ነገሩ የአባታቸው ቤት ነው። አባታቸው ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር፣ በገዛ እጃቸው በሲሚንቶ የሠሩት ገንዳ አለ፤ ሞልቶ ሲፈስ ውሃው በቀጭን ቦይ ወርዶ ሎሚውን ያጠጣል። አርክቴክቷ ስለ ልጅነቷ ሲጠይቋት የምትናገረው ስለዚያ ገንዳ ነው። እናታቸው አምና አርፈው ሐዘኑ ገና ሳይበርድ፣ በቤቱ የሚኖረው ወንድሟ "ገንዳውን አፍርሼ ግቢው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ልሠራ ነው፤ ጡረታዬ ደርሷል" አለ። ክፍሎቹን ይሥራ፤ እሷ ምን ገዷት። ገንዳው ሳይነካ ክፍሎቹ ዙሪያውን የሚቆሙበትን ፕላን ራሷ ነድፋ በነፃ ወሰደችለት። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰላትና "ገንዳው ይፈርሳል" አለ። ለምን ብትለው "ይፈርሳል" አለ። ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ከሰሰችው፣ እግድ አወጣችበት፤ ቀጠሮው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ዓመት ሊደፍን ነው። እስካሁን በቀጠሮው ሁሉ ተራዋን በረንዳው ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀው፤ ውሃው ዳር ስትቀመጥ ዛሬ ገና ነው። ሁለቱም ጠበቃ አላቆሙም፤ እሷ "ለመጻፍ አላንስም" ብላ፣ እሱ ደግሞ "እህቴን ሰው ቀጥሬ አላሰድብም" ብሎ።

ወንድሟ በበሩ ሲገባ ከሩቅ ለየችው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ ቆሞም የተቀመጠ ይመስላል። በረንዳው ላይ ቦታ ፈለገ። እዚያ ያገኘውን አንድ ሰው "ይቅርታ ወንድሜ፣ ጠጋ በልልኝ" ሲለው ያ ሁሉ ሕዝብ ዞሮ አየው። የሞተር ድምፅ አሸንፎ "ወደ ውስጥ ግቡ" ሲል የኖረ ጉሮሮ ሹክ ማለት አያውቅበትም። ወንድሟ አፈረ። ዙሪያውን ቃኘና፣ በግቢው ውስጥ የቀረው ክፍት ቦታ አሮጊቷ የተነሱበት ብቻ መሆኑን አይቶ እየከበደው መጣ።

"ተይዟል?" አለ።

"የመንግሥት ነው" አለች።

ተቀመጠ። አርክቴክቷ ቦርሳዋን አንስታ በመሀላቸው አስቀመጠች። ሁለቱም ውሃውን ያዩ ጀመር። ተካሳሾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያዩት ነገር መኖሩ መቼም ትልቅ ነገር ነው።

"ይጮሃል" አለ ወንድሟ ቆየት ብሎ።

"ውሃ ነው፤ ይጮሃል።"

"ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፣ ድንጋይ" አለ። ነገር የወረወረባት መስሏት ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን እውነትም ድንጋዩን ነበር የሚያየው። ከዚያ ድንገት ፊቱን ወደ በረንዳው አዙሮ፣ በዚያ በአውቶቡስ ድምፁ "ያ ጠሪ ጢሙ የፍየል ጢም ይመስላል" አለ።

አርክቴክቷ ደነገጠች። "ምን ነካህ? ይሰማሃል።"

"ቆይ እስቲ።" ጠበቁ። ጠሪው ወረቀቱን ያገላብጣል። አንድም ሰው አልዞረም። ወንድሟ ፊቱ እንደ ልጅ ፈካ። "ማንም አልሰማኝም። በሕይወቴ ተናግሬ ማንም ያልሰማኝ ዛሬ ገና ነው።"

"እዚህ ዳር የተባለ እዚያ አይደርስም" አለች፤ ሳታስበው ትንሽ ኮራ ብላ።

ከግራቸው፣ ገንዳው ማዶ፣ ባልና ሚስት ተቀምጠው ነበር። መሀላቸው የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ሕፃን አለች። የባልየው እጅ ይወራጫል፣ ሚስቲቱ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ቃላቸው ግን ወደዚህ አይመጣም። ወንድሟ እነሱን አይቶ ፊቱን መለሰ።

"ይሄን ነገር ከየት አመጣሽው?" አለ በአገጩ ወደ ግድግዳው እያመለከተ። "እማዬ ሥዕሉን ጋዜጣ ላይ አውጥታ ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ነበር። ከየት አመጣችው እያልኩ አስብ ነበር።"

"አታውቀውም?"

"አላውቅም።"

"ከቤት ነዋ። ከአባባ ገንዳ።" መጀመሪያ ለመናገር ከበዳት፤ ከዚያ ቀለላት፤ ዳኛ ፊት ከምትናገረው ለሱ መናገር ይቀላል። "እኔ ሰላም ሲባል የሚመጣብኝ የዚያ ቧንቧ ድምፅ ነው። አባባ ከሥራ ሲገባ ይከፈታል፤ እኔና አንተ ገንዳው ዳር እንቀመጣለን፤ የወረቀት ጀልባ ትሠራልኛለህ። ጓደኞቼ እናትና አባታቸው ሲጣሉ እየሰሙ ነው ያደጉት። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ለዚህ ነው ሰው እዚህ ሲመጣ ያንን ድምፅ ይስማ ያልኩት።"

ወንድሟ እጁን ወደ ገንዳው ሰዶ ጣቶቹን ውሃው ውስጥ ከተተ።

"አልሰማሽማ" አለ።

"እህ?"

"ክፉ ቃል አልሰማሁም ነው ያልሽው። አዎ፣ አልሰማሽም። ቧንቧው የሚከፈተው እንዳትሰሚ ነበር።"

አርክቴክቷ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። ወንድሟ ዞሮ አላያትም፤ ለውሃው እንደሚያወራ ሆኖ ቀጠለ።

"የሚከፍተው አባባ ይመስልሻል? እኔ ነበርኩ። አባባ ሲገባ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። እማዬ ድስት የምታስቀምጥበትን ኃይል ሰምቼ አውቃለሁ። ከዚያ አባባ በሩ ላይ ብቅ ይልና 'ቧንቧውን ክፈት፤ ሚጢጢን ይዘህ ውጣ' ይለኛል። እስከ ጥግ እከፍተዋለሁ። አንቺን ገንዳው ማዶ፣ ሎሚው ጋ አስቀምጥሻለሁ። ጀልባ እሠራልሻለሁ። ሲጨርሱ መዝጋት ስላለብኝ ግን፣ እኔ ጆሮዬን ወደ ቤት ማድረግ ነበረብኝ።"

"ሁልጊዜ?"

"ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር።"

"ይመታት ነበር?"

"አይ፣ እጁን አንስቶባት አያውቅም። በምላስ ነበር፤ እሷም ብትሆን አታንሰውም። ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ እኮ፤ አብረው መኖር ነበር ያቃታቸው። የተባባሉትን አንዳንዱን ዛሬም አልነግርሽም።" ጣቶቹን ከውሃው አውጥቶ ሱሪው ላይ አደረቀ። "ጀልባዎቹን የምሠራው ከሒሳብ ደብተሬ ነበር። መምህሩ ደብተርህን ምን በላው ሲለኝ ውሃ እለዋለሁ፤ አላገጥክብኝ ብሎ ይገርፈኛል።"

አርክቴክቷ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ሌላ ነገር ሆነባት። ሐዘን ነው፣ ቁጣም አለበት፤ ማን ላይ እንደምትቆጣ ግን አላወቀችም። ስትኮራበት የኖረችው ልጅነት የሷ ብቻ እንዳልነበረ፣ አንድ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ገንዳው ዳር ተቀምጦ በጆሮው እንደከፈለበት አሁን ገና ገባት። ቀና ብላ ጥቁሩን ግድግዳ አየችው። ሰላም ብላ ያቆመችው ነገር ጠብ መሸፈኛ ኖሯል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እማዬ እንዳትነግራት አለችኝ። ደግሞስ ምን ብዬ? ከዚያ ገንዳ ይሄን የሚያህል ነገር አውጥተሽ፣ አገር አድንቆልሽ፣ እኔ መጥቼ ላፍርሰው?" ድምፁ ከፍ አለ፤ ማንም አልዞረም። "እኔ ግን በዚያ ግቢ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያንን ሲሚንቶ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። ልጆቼ ቧንቧ ከፍተው ሲረሱ እጮህባቸዋለሁ፤ ለውሃው የሳሳሁ ይመስላቸዋል። አንቺ ደግሞ 'የልጅነታችን የሰላም ቦታ' ብለሽ ጽፈሽ ዳኛ ፊት አስነበብሽብኝ። ምን ልመልስ? ዳኛ ፊት ቆሜ አባቴን ልማ?"

"ጋሼ" አለች።

ይህን ስም ከጠራችው ዓመት ሊሞላው ነበር። ክሱ ላይ "ተከሳሽ" ነበር የምትለው፤ ቤቷ ውስጥ ደግሞ "ያ ሰውዬ"። ወንድሟ ሲሰማው ትከሻው ወረደ። እሷ ቦርሳዋን ከመሀላቸው አንስታ እግሯ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ብዙ አወሩ። ስለ እናታቸው የመጨረሻ ወራት አወሩ፤ ሎሚው ለምን ማፍራት እንዳቆመ አወሩ፤ አባታቸው በሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ እንዴት ያንጎራጉሩ እንደነበር ተነጋገሩ። አንድ ሁለት ጊዜ ተነታረኩ፣ አንድ ጊዜ አርክቴክቷ አለቀሰች። ማንም አላያቸውም፣ ማንም አልሰማቸውም።

እነሱም ማንንም አልሰሙም።

ችሎት አስከባሪው ራሱ ወርዶ ፊታቸው ሲገተር ነው የነቁት። እውነትም ጢሙ የፍየል ነበር።

"የአባት ቤት ክርክር፣ እህትና ወንድም፣ እናንተ ናችሁ?" አለ። ድምፁ እንደ አሸዋ ወረቀት ይከረክራል።

"እኛ ነን" አለች አርክቴክቷ እየተነሳች። "ተራችን ደረሰ?"

"አልፏል። ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ከሳሽም የለም፣ ተከሳሽም የለም ተብሎ ዳኛዋ መዝገቡን ዘጉት።"

"ተዘጋ ማለት?"

"ተዘጋ ማለት ተዘጋ። እግዱም አብሮ ወድቋል። ማስከፈት ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ ጽፋችሁ ጽሕፈት ቤት ግቡ። መጥሪያችሁን ግን እንዳትጥሉ፤ እሱ ሳይያያዝ አይቀበሏችሁም።" ወረቀቱን ብብቱ ሥር ወሸቀና ወደ ግድግዳው ዞረ። "ዛሬ እናንተ አራተኛ ናችሁ። ሐኪም ሻይ በማር ጠጣ፣ አትናገር አለኝ፤ እንጀራዬ መናገር ነው። ይሄን ውሃ እዚህ ያመጣውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው።"

"በላ ንገራት" አለ ወንድሟ። "አጠገብህ ቆማለች።"

ጠሪው አርክቴክቷን ከእግር እስከ ራሷ አያት። "እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አለች አንገቷን ደፍታ። "ስሠራው እርስዎን አላሰብኩም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሰውየው ብዙ ዘመን ያጠራቀመው ስድብ ነበረው፤ ይቅርታው ቀድሞ ስለመጣ ቦታ አጣለት። "እንግዲህ ምን ይባላል" አለና፣ ቆሽቱ እንዳረረ ወደ ግድግዳው ጀርባ ሄደ። እዚያ ትንሽ የብረት በር አለች። ተከፍታ ስትዘጋ ሰሙ፤ ከዚያ ውሃው ቆመ።

ድምፅ ሲጠፋ እንዲህ እንደሚያስደነግጥ ያኔ ነው የታወቀው። መጀመሪያ ጠብታዎቹ ተሰሙ። ቀጥሎ የስልክ ጥሪ፣ በረንዳ ላይ የሚገለበጥ ወረቀት፣ ውጪ መንገድ ላይ የሚያጓራ መኪና። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ገንዳው ማዶ የተቀመጠው ባል፣ ውሃው ይሸፍነኛል ብሎ ድምፁን ከፍ እንዳደረገ፣ የጀመረውን ቃል ሊመልሰው ሳይችል ቀረ።

"...ከመጀመሪያውም አንድ ቀን ወድጄሽ አላውቅም" አለ።

በረንዳው ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ ዞረ። ሚስቲቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባልየው ራሱ የሰማውን ማመን አቅቶት የሚገባበት ጠፋው። ሕፃኗ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፤ ከዚያ የትምህርት ቤት ጫማዋን ማየት ጀመረች። "ማን ነው እንዲህ ያለው?" ይላል አንዱ ከላይ፣ ያልደረሰው ሰው እንዳይቀር።

አርክቴክቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ጣቶቹ ጭብጥ ብለው፣ የሌለ ነገር ይዘው፣ ቀስ ብለው ይዞሩ ነበር። ምን እንደሚከፍቱ ገባት። ሊነሳ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

"ቁጭ በል ጋሼ። እኔ እከፍተዋለሁ።"

ወደ ግድግዳው ጀርባ ስትዞር ጠሪው የብረቷ በር ላይ ቆሞ እጁን ይጠርጋል።

"ወይዘሮ፣ እንዳይነኩት" አለ። "ዝጋ ያለኝ ስለሌለ ፈርቼ ነበር የኖርኩት፤ አሁን ገና ሰው ሆንኩ።"

"ልክ ነዎት" አለች። "ግን የዚያችን ልጅ አባት ሰሙት?"

ጠሪው ወደ መሬት አየ። "ሰማሁት" አለ። "ቤቴም ልጆች አሉ።"

"በሩ ላይ ስለቆሙ ነው፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ። እንደ ድሮው አልከፍተውም።"

ገባች። ማዞሪያው ቀይ ቀለሙ ተልጦ ዝጎ ነበር። ሲመረቅ እስከ ጥግ የተከፈተው እንግዶቹ "ውሃው ይታይ እንጂ" ስላሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም፤ እሷም ብትሆን ተመልሳ መጥታ ልክ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። አሁን ቀስ አድርጋ ሩብ ያህል አዞረችውና ወጥታ አየች። ውሃው ከአናቱ ሲወርድ እንደ በፊቱ ወደ ፊት አልተወረወረም። ድንጋዩን ይዞ፣ በድንጋዩ ላይ ተኝቶ ወረደ። ተመልሳ ገብታ ትንሽ ጨመረች። ጩኸቱ ጠፍቶ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ቀረ።

"በሉ በረንዳው ላይ ወጥተው አንድ ሰው ይጥሩ" አለችው።

"ማንን?"

"ወንድሜን ይጥሩት። ወረቀትዎ ላይ አለ፤ ተከሳሽ የሚለው ነው።"

ጠሪው ወጥቶ ከልማዱ የተነሳ ደረቱን ነፍቶ ጠራ፤ ከነአባቱ ከነአያቱ። ገንዳው ዳር ወንድሟ እጁን አወጣ። ሌሎችም ሁለት ሦስት ሰዎች ደንግጠው ተነሱ። ጠሪው ጉሮሮውን ዳበሰና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ታየ። "ዝቅ ብዬም ብጠራ ይደርሳል ማለት ነው" አለ ለራሱ።

"በሩን ቆልፈው ቁልፉን እርስዎ ይያዙት" አለችው አርክቴክቷ። "ማንም እንዳይጨምረው፣ ማንም እንዳይዘጋው።"

ስትመለስ በረንዳው ላይ ያለው ሕዝብ ወደየጉዳዩ ዞሯል። ባልና ሚስቱ አሁንም ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ስለነበር የሚሉትን አልሰማችም፤ ታርቀው እንደሆነ ወይም ብሶባቸው እንደሆነ ከሩቅ አይታወቅም ነበር። ሕፃኗ ግን መሀላቸው የለችም። ገንዳውን ዞራ መጥታ የአርክቴክቷ ወንድም ፊት ቆማለች። ግዙፉ ሰውዬ በሰፊ ጣቶቹ ወረቀት ያጥፋል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቷል፤ ያኔም ሲያጥፍ እንደዚያ ነበር።

አርክቴክቷ ጠጋ ብላ አየች። የሚያጥፈው መጥሪያውን ነው። ክብ ማኅተሙ በጀልባዋ ጎን ላይ ወጥቷል።

"ትሄዳለች?" አለች ሕፃኗ።

"ትሄዳለች እንጂ። እኔ የሠራሁት ሰጥሞ አያውቅም" አለና ውሃው ላይ አስቀመጠላት። ከግድግዳው ሥር የሚመጣው ቀጭን ሞገድ ጀልባዋን ይዟት ወጣ። ሕፃኗ በጠርዙ እየሮጠች ተከተለቻት። ሩቅ አልሄደችም፤ ወዲያው ተመልሳ "ሌላስ?" አለችው።

ወንድሟ ኪሱን ዳሰሰ፤ ባዶ ነው። ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ እጁን ዘረጋና፣ ወዲያው መልሶ ሰብሰብ አደረገው።

"አይ፣ ያንቺ ይቅር" አለ። "ለማስከፈቻ ያስፈልጋል ብሏል እኮ።"

አርክቴክቷ ቦርሳዋን ከመሬት አንስታ ከፈተች። መጥሪያው ወንድሟ ከመለሰላት ፕላን ጋር አንድ ላይ ታጥፎ ነበር። ፕላኑን መልሳ ከተተችና መጥሪያውን አወጣች።

"ሰምቻለሁ" አለችና ሰጠችው።